የአባባ ሜዳይ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች

አያቴ፣ አባባ፣ ያረፉ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ቀለል ብሎ ድንኳኑም ከፈረሰ በኋላ፣ ቤቱን ስናስተካክል ለእኔ የደረሰኝ ቁም ሳጥኑ ነበር። ኮት፣ ከረባት፣ ጫማ ውስጥ የተወተፈ ጋዜጣ፣ ያው የሽማግሌ ቁም ሳጥን ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ግን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር የታሸገ፣ ሳነሳው ከበደኝ፣ ስነቀንቀው ውስጡ ተንቀጫቀጨ። ሳልከፍተው በፊት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ብቻቸውን ከፍተው ሲያዩት በበሩ ስንጥቅ አይቻቸዋለሁ።

ሜዳዮቻቸው ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። እኛ አሁን ሜዳሊያ ነው የምንለው፣ የአባባ ትውልድ ግን ሜዳይ ነው የሚለው፣ ከፈረንሳይኛው የተወሰደ። ከሱ ከፍ የሚለው ደግሞ ኒሻን ነው፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን እንደሚባለው። እማማ ሁለቱንም ሳትለይ "ሊሻን" ትላቸው ነበር፣ አባባ በየጊዜው ያርሟታል፣ እሷም በየጊዜው ሊሻን ትላለች፣ እንዲህ እንደተባባሉ ሃምሳ ምናምን ዓመት ኖሩ።

አባባ የሙያ ወታደር ነበሩ። ክቡር ዘበኛ በካዴትነት ገብተው፣ በስዊድን አሰልጣኞች እጅ አልፈው፣ ሌተና ኮሎኔል ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሌላ ስራ አያውቁም። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ገና የመቶ አለቃ ሳሉ ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዛ በመርከብ ኮሪያ ሄዱ። (ቃኘው የሚለው ስም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የመጣ ነው፣ ብዙ ሰው የኮሪያ ቃል ይመስለዋል፣ እኔ ራሴ ሃይስኩል እስክገባ ድረስ መስሎኝ ነበር።) እዛ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ስር ገቡ። እየተፈራረቁ ከሄዱት ሻለቆች ጋር ሲደመር ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ኮሪያን ረግጧል፣ ከ120 በላይ ሞቷል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ይቺን የመጨረሻዋን አባባ ሳይሆኑ ጓደኞቻቸው ናቸው የሚደጋግሟት፣ አባባ ሲሰሙ ዝም ብለው ሻያቸውን ያማስላሉ።

እና ቆርቆሮውን አልጋው ላይ ገልብጬ አንድ በአንድ ደረደርኩት። የት እንደምጀምር ግን አላውቅም። በኋላ እንደተረዳሁት የራሱ ደንብ አለው፣ የአገርህ ሽልማት ይቀድማል፣ የጀብዱው ከአገልግሎቱ ይቀድማል፣ የውጭ አገሩ ከኋላ ይከተላል፣ ተራው ከተበላሸ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይስቅብሃል። ለሻለቃው በሙሉ የተሰጠው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምስጋና ጭራሽ ሜዳይ አይደለም፣ በወርቅማ ፍሬም ውስጥ ያለች ትንሽ ሰማያዊ ሪባን ናት፣ እሷ ደግሞ በግራ ሳይሆን በቀኝ ደረት በኩል ነው የምትደረገው። አንድ ሰው ብቻውን ያገኘው በልቡ በኩል፣ ከሰው ጋር ያገኘው በሌላው በኩል። ይሄን ያሰበው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ግን ወደድኩት።

ከሁሉም ይበልጥ የያዘኝ ብሮንዝ ስታሩ ነው። አሜሪካኖቹ በ1944 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሜዳይ ነው፣ ባለ አምስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ፣ መሀሉ ላይ ሌላ ትንሽ ኮከብ ተደርቦበታል፣ ሪባኑ ቀይ ሆኖ መሀሉ ላይ ሰማያዊ መስመር፣ የመስመሩ ጠርዝና የሪባኑ ጠርዝ ነጭ። ስገለብጠው ከጀርባው በክብ የተፃፈ እንግሊዝኛ አለ፣ ወደ አማርኛ ስንመልሰው "የጀግንነት ወይም የሚመሰገን ተግባር" እንደማለት ነው። ወይም! እዛች ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። በነሐስ ላይ "ወይም" ብለው ቀርፀው ይሰጡሃል እንዴ? የትኛው ነው ታዲያ ያንተ? እሳት ውስጥ ገብተህ ነው ወይስ ስራህን በደንብ ሰርተህ?

መልሱ ሪባኑ ላይ ነው። ለጀብዱ የተሰጠ ከሆነ ሪባኑ ላይ ቪ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከነሐስ የተሰራች፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ነገር ትሰካበታለች። ለአገልግሎት ከሆነ ሪባኑ ባዶውን ነው። በቃ ልዩነቱ ይሄው ነው፣ ያው ኮከብ፣ ያው ሪባን፣ ያው ጀርባ፣ አንዲት ፊደል።

የአባባ ላይ ቪ የለችም። ግን ወደ መስኮቱ ወስጄ ብርሃን ላይ ሳየው ሰማያዊው መስመር ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። በጣም ትንንሽ፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ፣ ጎን ለጎን፣ ዙሪያቸው ክሩ ትንሽ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የሆነ ነገር እዛ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ስለ ብሮንዝ ስታሩ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ስለ ሌላኛዋ፣ ሰው ዞር ብሎ ስለማያያት ሜዳይ ላውራ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ። ሪባኗ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው፣ ፊት ለፊቷ ላይ የድርጅቱ ዓርማ አለ፣ ከጀርባ የተፃፈው ደግሞ በአማርኛ ነው! ሜዳዩ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ስለተሰራ የኛዎቹ በፊደላችን ደርሷቸዋል። የሚለውም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መርህ ለመከላከል ስለተሰጠ አገልግሎት ነው።

ይሄን አሁን ሲያነቡት የቢሮ ወሬ ይመስላል። ለአባባ ትውልድ ግን አይደለም። በ1928 ጣሊያን ሲገባ እኮ ያን ጊዜ የነበረው የመንግሥታት ማኅበርም የራሱ ቃል ኪዳን ነበረው፣ ጃንሆይ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ተናገሩ፣ ሰማቸው ግን ያገዛቸው የለም። አባባ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናቸው። 15 ዓመት ቆይቶ ሌላ አገር ሲወረር፣ ካርታ ላይ አሳየኝ ቢባል ማንም የማያሳየው አገር፣ "አንድ አገር ሲወረር ሌላው ዝም አይልም" የሚለው ነገር እውነት እንዲሆን ከተፈለገ እኛም እንሂድ ተባለ። ያቺ የነሐስ ክብ ነገር ላይ በአማርኛ የተፃፈው ይሄ ነው። እኔ ብሆን ከኮከቡ በላይ እሷን ነው ፍሬም የማስደርጋት።

ገበያው ግን እንደኔ አያስብም። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ሳንቲምና ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ጋ ስለ ሪባን ልጠይቅ ገብቼ የራሱን ሳህን አወጣልኝ፣ ሜዳይ በሳህን! የማን እንደነበሩ የማይታወቁ፣ ሪባናቸው የተበጠሰ፣ አንዱ ላይ የጃንሆይ ፊት ተፍቆ አፍንጫቸው የጠፋ። የኮሪያዋ የተመድ ሜዳይም ሁለት አለች። "እሷ ብዙም አታወጣም፣ የሄደ ሁሉ ያገኛት ናት" አለኝ። የሄደ ሁሉ! ወንድሜ፣ መሄዱ እኮ ነው ነገሩ። ምንም አላልኩትም፣ ልጁ ክፉ አይደለም፣ ንግዱን ነው የነገረኝ።

አባባ ስለ ኮሪያ አውሩ ሲባሉ የሚያወሩት ስለ ካልሲ ነው። አልቀልድም። ከቆላም ከደጋም የተሰበሰበ፣ በረዶ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰራዊት፣ ክረምቱ ሲገባ እግሩ እንዳይበላሽ ማታ ማታ መኮንኑ ባትሪ ይዞ በየምሽጉ እየዞረ ወታደሩን ጫማ አስወልቆ ጣቶቹን ያያል፣ እርጥብ ካልሲ ያደረገ ካለ ያስወልቀዋል፣ ደረቁ ካልሲ ደረት ውስጥ ገብቶ በሰውነት ሙቀት ነው የሚቆየው፣ እርጥቡም እዛው ገብቶ ይደርቃል። "የኔ ጦርነት እግር ማየት ነው" ይሉ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቹ ደግሞ "አባባ ስንት ሰው ገደሉ?" ነው የምንለው። እሳቸው "ጣቱ የተቆረጠበት ወታደር የለኝም" ብለው ይመልሳሉ። ያኔ ጥያቄያችንን የሸሹ ይመስለን ነበር።

አሁን ሳስበው አልሸሹም። አንድ ወር ሙሉ በየማታው ሰላሳ አርባ ሰው እግር ማየት ማንም ምስክር ሆኖ የሚፅፍልህ ነገር አይደለም። ጀብዱ ግን ይፃፋል፣ ምክንያቱም አጭር ነው፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው።

ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ሰው ጀግንነት በደረት ላይ ብቻ የሚያልቅ ይመስለዋል፣ ዋናው ስራ ያለው ወረቀቱ ጋ ነው። ያየ ሰው ቃሉን ይሰጣል፣ አዛዡ ሽልማት ይገባዋል ብሎ ያቀርባል፣ ከላይ ያሉት ያያሉ፣ አንዳንዴ ያፀድቃሉ፣ አንዳንዴ አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጉታል፣ አንዳንዴ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ያየው ሰው እዛው ከሞተ ነገሩ አልተደረገም ማለት ነው። ቃኘው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ወታደሩ በአማርኛ ያየውን መኮንኑ በእንግሊዝኛ ካላስረዳ ለአሜሪካኖቹ አይደርስም። ስንት ሰው በአስተርጓሚ እጥረት ጀግና ሳይባል እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

የድሮው የኛ መንገድ ሌላ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው ጌታው ፊት ወጥቶ ራሱ ነው የሚፎክረው፣ የፈረስ ስሙን ጠርቶ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ። ውሸት ከጨመረ አብሮት የዋለ ሰው እዛው አለ፣ ያዋርደዋል። ከዛ ለምድ ይለብሳል፣ ጎፈር ይደፋል። ሜዳዩ መጥቶ ይሄን ገለበጠው፣ ባለቤቱ ዝም ይላል፣ ሌላ ሰው በታይፕ ይፎክርለታል።

የአባባ አባት በታይፕ የሚፎክርላቸው አላገኙም። አምስቱን ዓመት ጫካ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከድል በኋላ የአርበኞች ሜዳይ ሲሰጥ ምስክር አምጡ ተባሉ፣ ምስክሮቻቸው አልቀዋል፣ ሁለተኛ ሄደው አልጠየቁም። ስደት ለቆዩትም የስደት ሜዳይ ተሰጥቷል፣ እሳቸው ግን የትኛውም ሳይደርሳቸው እርሻቸው ላይ ሞቱ። አባባ ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም፣ ግን ሁሌም በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚያወሩት፣ ልክ እንደ ፀሎት።

ሜዳዮቹ ቆርቆሮ የገቡት ለምንድነው? እንደገባኝ በሁለት ዙር ነው። ታኅሣሥ 1953 የነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሸፈ፣ ያመፀው ክቡር ዘበኛ ነው፣ የቃኘውም ዋና መፍለቂያ ክቡር ዘበኛ ነው፣ አባባ ዕድል ሆኖ ያኔ ከተመድ ጦር ጋር ኮንጎ ነበሩ። ሲመለሱ ኮሪያ አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ተበትኗል፣ በበዓል ቀን ደረት ላይ ሜዳይ ደርድሮ መውጣት ያስጠላበት ጊዜ ነበር። ቀጥሎ 1967 መጣ፣ ግድግዳ ላይ የነበረው ጃንሆይ ሲሸልሟቸው የተነሱት ፎቶ ወረደ፣ ቆርቆሮው ተገዛ፣ ፕላስተሩ ዞረ። ሽልማት የሰጠህ መንግሥት ሲወድቅ ሽልማቱ ምን ይሆናል? ደርግም የራሱን ሜዳይ አወጣ፣ ከዛም ደርግ ወደቀ። የአየር ኃይሉን አብራሪ ለገሰ ተፈራን አስቡ፣ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረው ሲመለሱ በጊዜው ከፍተኛ የነበረውን የጀግና ሜዳይ አገኙ። አየር ላይ ለሰሩት ነው ወይስ ለ11 ዓመቱ? እኔ ራሴን ሳልወድ ያቺ "ወይም" ትመጣብኛለች።

እሺ፣ ወደ ቀዳዳዎቹ።

የሜዳይ ሰብሳቢዎች የሚወያዩበት ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ፎቶ ለቀቅኩ። አስር ደቂቃ አልሞላም፣ አንዱ "የቪ እግሮች ቦታ ነው፣ ልኩ ይገጥማል፣ ወረቀቱን ፈልግ" አለኝ። እሺ የት ልፈልግ? ክፍለ ጦሩ ሽልማት ሲሰጥ ትዕዛዝ ያወጣል፣ የትዕዛዙ ኮፒ አሜሪካ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ፃፍ አሉኝ። ፃፍኩ። የለም ተባለ። ደግሜ ፃፍኩ፣ የለም። ሶስተኛው ላይ አንድ ሰው "በአባታቸው ስም ሞክር" አለኝ፣ ያው ፈረንጅ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስለዋል አይደል፣ በቅድመ አያቴ ስም ስንጠይቅ ከነ ስህተት ፊደሉ ቁጭ ብሏል። አስቡት፣ ምስክር ጠፍቶ አንድ ሜዳይ ያልደረሳቸው ሰውዬ አሜሪካ መዝገብ ውስጥ የጀግና ዝርዝር ላይ በሳቸው ስም ነው ፋይሉ የተከፈተው።

ስካኑ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። እስከዛ ድረስ ግን እኔ ዝም አላልኩም፣ ጥፋቴም እዚህ ጋ ነው። የኮሪያ ዘማቾች አፍንጮ በር መታሰቢያው ጋ የተነሱት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲዞር አየሁና ስሜት ያዘኝ፣ የአባባን ሜዳይ ፎቶ አንስቼ ረጅም ነገር ፃፍኩ። ምን አልኩ? አባባ ቪዋን በገዛ እጃቸው ነቀሏት አልኩ። ጀብዱው የኔ ብቻ አይደለም፣ የሞቱት ልጆች ነው፣ ለእኔ የአገልግሎቱ ይበቃኛል ብለው ነው አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። ሁለት ቀዳዳ አይቼ ነው። ግን እንዴት አማረ! ላይኩ ጎረፈ፣ "የድሮ ሰው!"፣ "እንዲህ ዓይነት መኮንን ዛሬ የት አለ?"፣ አንዱማ አለቀስኩ ብሎ ፅፏል። እኔም ሳነበው አለቀስኩ፣ ራሴ የፃፍኩትን።

ከዛ ስካኑ መጣ። አንድ ገፅ፣ የታይፕ ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ከአባባ ሌላ የአስራ ምናምን ሰው ስም ያለበት። ብሮንዝ ስታር፣ ከነ ቪ ፊደሉ፣ ለጀግንነት። ኮረብታው ስም የለውም ቁጥር ነው ያለው፣ እዛ ኮረብታን በከፍታው በሜትር ነበር የሚጠሩት። የሌሊት ቅኝት ሄደው መንገድ ተዘጋባቸው፣ አባባ ቅኝቱን ካወጡ በኋላ የቆሰሉ ስለቀሩ ሞርታር እየወረደ ሁለት ጊዜ ተመልሰው አወጡ፣ "ለራሱ ደህንነት ፈፅሞ ሳይጨነቅ" ይላል። ይቺ ዓረፍተ ነገር በኋላ ሳይ የሁሉም ሰው ወረቀት ላይ ያለች ናት፣ እንደ "ነፍስ ይማር" የምትባል ነገር። አባባን ለምናውቅ ግን ያስቃል። ለራሳቸው ደህንነት የማይጨነቁት አባባ የግቢውን በር ማታ ሶስቴ ሳይነካኩ አይተኙም ነበር፣ ውሃ ሁለቴ ይፈላልኝ የሚሉ ሰው ናቸው፣ ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ አይቀመጡም።

ሁለት ጊዜ ተመለሱ የሚለውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ይገባኛል፣ ሳያስቡት ሊሆን ይችላል፣ ደም ሞቆ። ሁለተኛው ላይ ነው እኔ የምቆመው። ሁለተኛ ሲሄዱ እዛ ምን እንዳለ ያውቃሉ።

ስካኑንም ለጠፍኩት፣ "ይኸው ማስረጃው፣ ቪዋ ነበረች፣ አባባ ግን ነቅለዋታል" ብዬ። ላይክ እንደገና።

በነጋታው አክስቴ ደወለች። የእናቴ ታናሽ ናት፣ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ፌስቡክ የገባችው የልጅ ልጆቿን ፎቶ ልታይ ነው። "የፃፍከውን አነበቡልኝ" አለችኝ። እሺ እትዬ፣ ወደድሽው? ዝም። ከዛ መሳቅ ጀመረች፣ ከዛ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሄደ፣ ስልኩን የጣለችው መሰለኝ።

"አባባ አልነቀላትም የኔ ልጅ። እኔ ነኝ የነቀልኳት።"

ሚያዝያ 27 ነው፣ የድል በዓል፣ አባባ ኮንጎ ከመሄዳቸው በፊት። ሰልፍ ውለው መጥተው የክብር ልብሱን ኮት ወንበር ላይ አንጠልጥለው እንግዳ ጋ ሄደዋል። አክስቴ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ የኔታ ጋ ፊደል የጀመረችበት ሳምንት ናት፣ ከሀ አላለፈችም። ኮቱ ጋ ቀርባ ታያለች፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ተደርድሯል፣ መሀሉ ላይ ቀይ ሪባን፣ ሪባኑ ላይ ሀ!

"ሀ መስሎኝ ነው" አለችኝ። "የአባቴ ልብስ ላይ ሀ አለ፣ ለየኔታ ላሳየው ብዬ።"

በጥርሷ ነው የነቀለችው። ጨብጣ ግቢ ወጣች፣ ሳሩ ላይ ከወንድሞቿ ጋር ስትሯሯጥ ከእጇ ወደቀች፣ ፈለገች፣ አጣች፣ ፈራች፣ ገብታ አልጋ ስር ተኛች። ማንም አልጠረጠራትም። አባባ ማታ ኮቱን ሊያስቀምጡ ሲያነሱ አዩ፣ ሰራተኛዋን ጠየቁ፣ ወንዶቹን ጠየቁ፣ አልተቆጡም። እሷን አልጠየቋትም። እሷም እስከ መቃብራቸው አልነገረቻቸውም፣ ለእናቴም አልነገረችም። "አንተ ያንን ስትፅፍ ግን ለሰው ሁሉ መዋሸት ሆነብኝ" አለችኝ። እኔ ነኝ የዋሸሁት እትዬ፣ አልኳት።

ፖስቱን ላጥፋው አልኳት። "ተወው፣ ሰው ወዶታል" አለችኝ። እስካሁን አለ።

ሌላ ቪ ማስመጣት አይችሉም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ አሜሪካኖቹ እኮ አዲስ አበባ ሞልተዋል ያኔ። አላወቅኩም አለች። ብቻ ከዛ በኋላ ባደረጓት ቀን ሁሉ ከነ ቀዳዳዋ ነው ያደረጓት። እኔም ያኔ፣ እንግዲህ ግድ አልነበራቸውማ፣ ያልኩትም ነገር ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፣ አገልግሎቱ ይበቃል ብለው ሊሆን ይችላል አልኩ፣ ታሪኬን በትንሹም ቢሆን ላድናት ፈልጌ።

"ግድ አልነበረውም ትላለህ" አለችኝ። የዛን ማታ እሷ እንቅልፍ እምቢ ብሏት በመስኮት ታያለች። እንግዳው ሄዷል፣ ቤቱ ተኝቷል። አባባ የክብር ልብሱን ሱሪ እንደለበሱ፣ ከላይ ካናቴራ ብቻ፣ ግቢው መሀል ሳሩ ላይ ተንበርክከዋል። ባትሪውን በአንድ እጅ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ሳሩን በጣታቸው እየከፈቱ፣ አንድ ስንዝር ጨርሰው ወደ ሌላው ስንዝር፣ ከአጥሩ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው ተመልሰው። እማማ በር ላይ ወጥታ የሆነ ነገር አለቻቸው፣ አልመለሱላትም፣ ገባች። ባትሪው እየደከመ ሄደ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ጠፋ። እሳቸው ግን ወዲያው አልተነሱም አለችኝ።